ዘቢደር ብርድ ፍለጋ ስትነሳ

ዘቢደር ብቻዋን ተራራ ወጥታ አንድ ሳምንት ለመቆየት መቁረጧን ለማንም አልተናገረችም። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ምሥጢር ቢበዛ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ እሷ ሦስት ወር አቆየችው፤ በዚህ ብቻ እንኳ ልትደነቅ ይገባል። የደበቀችው አፍራ አይደለም፤ ሰዎቿን ስለምታውቅ ነው። በዚያ ሰፈር ብቻውን ቁጭ ያለ ሰው ከታየ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባልና አንዱ ሊጠይቀው፣ ሌላው ሊያስታርቀው ይመጣል። ዘቢደር ደግሞ ጤነኛ ነበረች፤ ከማንም አልተጣላችም። ስለዚህ ብቻዋን ለመሆን የሚያበቃ ምክንያት አልነበራትም።

የተወለደችው አንኮበር ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባ ጊዜ ባሏን ተከትላ ወደ ባሕሩ ወረደች፤ ባሏ መጋዘን እየጠበቀ ሰባት ዓመት ኖረና በወባ ሞተባት። ዘመዶቿ "ተመለሺ" ብለው ሰው ላኩባት። እሷ ግን ከተማዋን ወዳት ነበርና ሁለት ካውያ ገዝታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት፣ አንዱ ካውያ ሲተኩስ ሌላው ፍም ጎርሶ ተራውን እየጠበቀ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት ከፍታ ላይ የሚኖሩትን ፈረንጆች ነጭ ልብስ ስትተኩስ ነው የኖረችው። በዚያ ቃጠሎ ኮሌታቸውን በአሚዶ አድርቀው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚውሉ ሰዎች ምን ኃጢአት ቢሠሩ እንደሆነ ዘቢደር አስባ አስባ አልደረሰችበትም።

የጅቡቲ ሙቀት ከሰማይም፣ ከመሬትም፣ ከባሕርም ይመጣል፤ ለዘቢደር ደግሞ ከእጇም ይመጣ ነበር። ላብ መጥረግ ከተወች ቆይታለች፤ የማያልቅ ሥራ ለምን ይጀመራል? ከዕለታት አንድ ቀን ግን፣ ወሩ ጥቅምት ነው፣ የካውያውን ክዳን ከፍታ ፍም ስትጨምር ሽታ መጣባት። የጥድ ሽታ። ከከሰሉ መካከል በደንብ ሳይከስል የቀረ አንድ ቁራጭ እንጨት ገብቶ ኖሮ ይጨስ ነበር። ዘቢደር ካውያውን ባስቀመጠችበት ትታ ቁጭ አለች። የልጅነቷ ክረምት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ፣ በኩታ ተጠቅልላ ጥርሷ ሲንገጫገጭ፣ ይኸ ሁሉ ከአንድ ቁራጭ እንጨት ወጣ። ወደ ራሷ ስትመለስ ካውያው የአንድ መሐንዲስ ሸሚዝ ጀርባ ላይ እግሩን አትሞ ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዋ ቃጠሎ ነበረች። ለመሐንዲሱ "ሙሴ፣ ፍየል በላችው" አለችው፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። በዚህ ከተማ ፍየል የማትበላው ነገር እንደሌለ ፈረንጁም ስለሚያውቅ አመናት።

እንደዚያ ቀን ያስደነገጣት ነገር የለም፤ ሸሚዙ አይደለም ያስደነገጣት። ብርድ ምን እንደሚመስል ልታስታውስ ሞክራ ስላልቻለች ነው። ሽታውን ታስታውሳለች፣ ጉሙን ታስታውሳለች፤ መንቀጥቀጡን ግን ሰውነቷ ረስቶታል። አንዴ ብቻ፣ ሳትሞት አንዴ ብቻ መንቀጥቀጥ አለብኝ አለች። ደግሞም ብቻዬን፤ ሰው ባለበት ብንቀጠቀጥ አንዱ ነጠላ ያለብሰኛል፣ ሌላው እሳት ያነድልኛል፣ ያበላሹብኛል።

ከሰሉን የሚያመጣላት ከሊፋ የሚባል አፋር ነው፤ ከታጁራ በጀልባ እየተሻገረ ይሸጥላታል። በሚቀጥለው ሲመጣ ቁራጯን እንጨት አሳየችው።

"ይቺ ከየት ናት?"

"ከደይ ናት። ከታጁራ በላይ፣ ጎዳ ተራራ ላይ። ጥድ አለ፣ ጉም አለ። ልትቆጪኝ ነው?"

"አልቆጣህም። ይበርዳል?"

"ይበርዳል ወይ ትይኛለሽ? በጥር ወር፣ ወላሂ፣ ፍየል እንኳ ሰው ካላቀፋት አትተኛም። አባቴ የፊት ጥርሱን ያጣው እዚያ ሲንቀጠቀጥ ነው።"

የዘቢደር ዓይን በራ። "ሰው ብቻውን ይደርሳል?"

ከሊፋ አያት፤ ከላይ እስከ ታች አያት። "አህያዎቻችን ብቻቸውን ይደርሳሉ" አለ።

አክብሮት ይሁን ስድብ አልጠየቀችውም። መንገዱን በጉድጓድና በጥላ ቆጠረላት፦ ከታጁራ ወጥተሽ የመጀመሪያው ጉድጓድ፣ ከዚያ ትልቁ ግራር፣ ከዚያ የድንጋዩ ጥላ፣ ከዚያ ሁለተኛው ግራር፣ ከዚያ ምንጭ። ከጠፋብሽ ደግሞ መሬቱን እይ አላት፤ ከየጆንያው የሚረግፍ ከሰል ከተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርቷልና ጥቁሩን እየተከተልሽ ውጪ። ከላይ እህቱ ቤት አላት፤ ማደሪያ ትሰጣታለች፤ እህቱ ከአፋርኛ ሌላ ስለማታውቅ አታስለፈልፋትም። ይህን ስትሰማ ዘቢደር ከሊፋን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ከዚያ ዝግጅት ጀመረች። ከማተቧ ጎን አንድ ሌላ ክር አንገቷ ላይ አሰረችና ሰባት ቋጠሮ ቋጠረችበት፦ ሁለት ለመውጣት፣ ሦስት እዚያ ለመንቀጥቀጥ፣ ሁለት ለመውረድ። ጊዜውን ከጥምቀት ወዲያ፣ ጾሙ ሳይገባ አደረገችው፤ ቋንጣ ይዞ ጾም መግባት የሚያመጣውን ጣጣ ታውቃለች። ከጀልባ ሸራ ቁራጭ ከረጢት ሰፋች። ማንገቻው ችግር ሆኖባት ሰንብቶ ነበር፤ ኋላ አንድ ፈረንጅ በችኮላ መርከብ ሲሳፈር እሷ ዘንድ የረሳውን የሱሪ ማንገቻ አስታወሰችና ሁለቱን ክንዶች በእሱ አበጀች። ማንገቻው የሚለጠጥ ነበርና ከረጢቱ ስትራመድ ከጀርባዋ ብድግ ቁጭ ይል ነበር። ፍየል የበላችው ሸሚዝ ደግሞ ገበር ሆነ።

ልምምድም ነበረው። ሁለቱን ካውያ ከረጢቱ ውስጥ ትከትና፣ የተተኮሰውን ልብስ በራሷ ላይ ተሸክማ፣ በሜኔሊክ አደባባይ አቋርጣ እስከ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ትሄዳለች። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጀርባዋ ላይ የሚዘለውን ነገር እያዩ ብርጭቋቸውን አንስተው ይቀራሉ። "እማማ፣ ምን ተሸክመሻል?" ሲሏት "ካውያ" ትላለች። እውነት ስለነበረ ማንም አላመናትም። ከላይ ስትደርስ፣ ቀኑ የጠራ ከሆነ፣ ከባሕሩ ማዶ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየውን ተራራ ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ የሙሴዎቹን ልብስ አስረክባ እንዳላየች ሆና ትመለሳለች።

ያጋለጣት በሶው ነው።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ባፈና የመንዝ ሴት ናት፤ እሷም እንደ ዘቢደር የባቡሩ ዘመን ያወረዳት። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ ባፈና በዚያ ግድግዳ በኩል ያልሰማችው የዘቢደር ነገር ሐሳቧን ብቻ ነው። ዘቢደር ገብስ ስትቆላ ባፈናን ሸተታት፤ ቆሎ ነው ብላ ተወችው። ዘቢደር የቆላችውን ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ሙቀጫውን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣ፣ ዘነዘናውንም በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቀስ እያለች መውቀጥ ጀመረች። ባፈና ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። ቆሎ ማን ይወቅጣል? የተወቀጠ በሶ ነው፤ በሶ ደግሞ የመንገደኛ ነው።

"እቴ ዘቢደር!" አለች ሳታንኳኳ ገብታ። "ወዴት ነው?"

ዘቢደር ዘነዘናውን እንደያዘች ቀረች። ልትዋሽ አሰበች፤ ፊቷ ግን በሙሉ በበሶ ዱቄት ተለውሶ ነበር። "ተራራ" አለች። "ለአንድ ሳምንት። ብቻዬን።"

"ብቻሽን? ጠላትሽ ብቻውን ይሂድ!" ባፈና አፏን ያዘች። ከዚያ ወጣች። እንዴት እንደወጣች ዘቢደር አላየችም፤ ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ደረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድ ፈላ። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይለቀቅምና ሰፈሩ ስንቅ ይዞ ገባ፤ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተምር ቁና፣ ሁለት ሙሉ የቋንጣ ዘንግ። መንገደኛ ያለ አደራም አይሄድምና አደራው ተከተለ። የገብርኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ጋሽ ሽብሩ ከሃያ ዓመት በፊት አብሯቸው ሐዲድ ያነጠፈ አንድ ሰው ታጁራ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደብዳቤ ሰጧት፤ የሰውየው ስም ተረስቷቸዋል። የሐረር ልጅ የሆነችው ባለሱቋ ሳፊያ ለወገቧ የሚሆን ሥር አዘዘች፤ ምን ዓይነት ሥር እንደሆነ ስትጠየቅ "ስታይው ታውቂዋለሽ" አለች። አንዷ የምንጭ ውኃ፣ አንዷ የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ፣ አንዷ ማር። የሸራው ከረጢት ሞላ፤ ጆንያ መጣ፤ ጆንያውም ሞላና በበሩ አላልፍ አለ።

ይሁን፣ ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያቃጠላት ሽኝቱ ነው። ጋሽ ሽብሩ ማኅበሩን ሰብስበው ተናገሩ።

"አንቺ ልጅ፣" አሉ፤ ዘቢደር አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ "ብቻሽን መሄድ ከፈለግሽ ብቻሽን ትሄጃለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም። እኛ የምንሸኝሽ ትንሽ ነው።"

"እስከ የት ድረስ ጋሼ?"

"እስከ ጀልባው።"

"እሺ።"

"ጀልባውም ቢሆን ባዶውን ከሚሄድ፣ እስከ ታጁራ።"

"ጋሼ..."

"ከታጁራም ሰው መንገድ ዳር ጥሎ አይመለስም። ከፍ እስክትይ ድረስ ነው።"

የጣቢያው ተሸካሚ ባንቲሁን፣ ሁለት ሰው የሚያህል፣ ሦስት ሰው የሚበላ፣ ጆንያውን እሸከማለሁ ብሎ ተነሳ። ሳፊያ ተራራ አይታ አታውቅምና እኔም አለች። ባፈና ምንም ሳትጠየቅ ልብሷን መጠቅለል ጀመረች። ዘቢደር ብቻዋን የምትሄደው መንገድ አራት ሸኚ አወጣ።

ተናደደች። ቤቷ ገብታ ካውያውን ያለ ልብስ ሠሌዳው ላይ ትገፋው ጀመር። ሰው ይህን ያህል ሲወደድ ይታነቃል ወይ? ስንቁን አልፈልግም ብትል ንቀት ነው፤ ሽኝቱን እንቢ ብትል ጠብ ነው፤ አደራውን አልቀበልም ብትል ከሰውም አትቆጠር። አደራ የተባለ ሰው እንደታሰረ ነው፤ ጥሎት የትም አይሄድም። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ካውያውን ቀስ ብላ አቁማ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በግድግዳው በኩል እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

በቁርጡ ቀን ጠዋት ሁሉም ወደቡ ላይ ተሰበሰቡ። ባንቲሁን ጆንያውን በትከሻው፣ ጋሽ ሽብሩ ጃንጥላቸውን፣ ሳፊያ አዲስ ጫማ፣ ባፈና ጥቅልሏን ይዘዋል። ከሊፋ ጀልባው ላይ ሆኖ ሸራ እየፈታ ነው። ዘቢደር ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ አጣፍታ መጣች፤ ወደ ጋሽ ሽብሩም ቀረበችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"ጋሼ፣ ከመሳፈራችን በፊት አንድ ነገር። ቤቴ የገብርኤል ሥዕል ፊት መብራት ለኩሻለሁ። ሰባት ቀን እንዳይጠፋ ተስያለሁ። የማኅበሩ ሙሴ እያሉ ለማን እሰጣለሁ? የሰማይና የምድር አደራ።" ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

ጋሽ ሽብሩ አፋቸውን ከፈቱ። መልአኩን እንቢ ማለት አይቻልም። ጃንጥላቸውን አጠፉ።

"ሳፊያ እህቴ፣ ዶሮዬ ዕንቁላል ታቅፋለች። በአምስተኛው ቀን ትፈለፍላለች፤ ድመት እንዳይበላብኝ። አደራ።"

"አንቺ ሸይጣን!" አለች ሳፊያ፤ ቢሆንም ተቀበለች።

"ባንቲሁን፣ ይህ ጆንያ ያ ሁሉ ሰው የለፋበት ስንቅ ነው። ጉንዳን እንዳይነካው፣ ሰው እንዳይነካው፣ ስመለስ እንዲህ እንዳለ ላግኘው። አደራ።"

ባንቲሁን ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ አየው። የቋንጣው ሽታ ወደ አፍንጫው ወጣ። ሰባት ቀን ምን እንደሚጠብቀው ገባውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የቀረችው ባፈና ነች። "እቴ ባፈና፣ መሐንዲሱ ሰባት ነጭ ልብስ አለው፤ በየቀኑ አንድ፣ በየማለዳው። ካውያዎቼን ላንቺ። አደራ።"

ባፈና ግን እንደ ሌሎቹ አልደነገጠችም፤ አልተቆጣችምም። ትኩር ብላ አየቻት፤ ጀርባዋ ላይ ብድግ ቁጭ የምትለውን ትንሿን ከረጢትም አየች። ጥቅልሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ተቀብያለሁ" አለች። "አሁን የእኔን ተቀበይ። እስካሁን አደራ ያልሰጠሁሽ እኔ ብቻ ነኝ።"

"ምን ላምጣልሽ?"

ባፈና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። "ብርድ አምጪልኝ።"

"ብርድ በምን ይያዛል ባፈና?"

"እኔ ምን አውቄ። እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ረስቼዋለሁ። አደራ ብያለሁ፤ አደራ ነው።"

ዘቢደር ሦስት ወር ሙሉ ከዚህች ሴት ስትደበቅ፣ ጣውላው ማዶ ያለውን አንድም ቀን አልጠየቀችም ነበር። አንገቷን ነቅንቃ ጀልባው ላይ ወጣች።

መንገዱ ከሊፋ እንዳለው ሆኖ አገኘችው፤ ከአንድ ነገር በቀር። ሁለተኛው ግራር አልነበረም፤ ጉቶው ብቻ ነበር፤ ከሊፋ ራሱ አክስሎት ኖሯል። ጥቁሩን እየተከተለች ወጣች። የከሊፋ እህት ወተት ሰጠቻት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሦስት ቀን ዝም ተባብለው በጣም ተስማሙ። ጉሙ በሁለተኛው ማታ ወረደ። ዘቢደር ነጠላዋን አውልቃ ከጥዱ ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ ክንዷ ላይ መጣ፤ ከዚያ ጀርባዋ፤ ከዚያ አገጯ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሶቿ ሲጋጩ ሰማቻቸው። ጮክ ብላ ሳቀች። "ምን አሳቀሽ?" ብሎ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

ሰባተኛው ቋጠሮ ሲፈታ ወደቡ ላይ ቆመው ጠበቋት። የጋሽ ሽብሩ ዓይን በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ሳፊያ አሥራ አንድ ጫጩት በሳጥን ይዛ መጣች፤ ከአንዷም ጋር መለያየት አልፈለገችም። ባንቲሁን ከስቷል፤ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ክሩ አልተፈታም። ሁሉም በአንድ ላይ ምን አመጣሽልን አሉ። ዘቢደር ልትመልስ አፏን ስትከፍት አነጠሰች። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ጀልባው እስኪነቃነቅ። አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ድምፅ የላትም።

ባፈና ሮጣ መጣችና አቀፈቻት፤ አንዱን ጉንጭ፣ ሌላውን ጉንጭ፣ ደግማ፣ ደጋግማ ሳመቻት። "አደራዬስ?" አለቻት። ዘቢደር ባዶ እጇን ዘረጋችና ሊወቅሳት የተዘጋጀውን ልቧን ይዛ ቤቷ ገባች። ሌላው ሁሉ አደራውን ጠብቋል፤ የበላችው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ቀን ካውያ አልጨበጠችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጣውላው በኩል ድምፅ ሰማች። ክትክት፣ ክትክት፣ ክትክት። ሙቀጫ አይደለም። ሮጣ ስትገባ ባፈና ሁለት ጋቢ ደርባ እስከ አፍንጫዋ ተሸፍናለች፤ አልጋው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ዓይኖቿ እንደ ሕፃን ያበራሉ።

"ዘ... ዘቢደር! ጥ... ጥርሴን ስሚው!"

"ጉንፋኔ ይዞሻል! ቆይ ዝንጅብል ላፍላልሽ..."

"ተዪ! እንዳይለቀኝ!" ባፈና ጋቢውን ከላይዋ ገፈፈችው። "ብቻዬን ልንቀጥቀጥበት። ሰዎቹ ሳይመጡ።"

ሰዎቹ ግን መጥተዋል። ባፈና ታመመች የሚለውን ሰምተው ጋሽ ሽብሩ፣ ሳፊያ ከነጫጩቶቿ፣ ባንቲሁን አንድ ማሰሮ አጥሚት ይዞ በሩ ላይ ደርሰዋል። ዘቢደር ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ ደፉም ላይ ተቀመጠች።

"ማንም አይገባም" አለች በሻከረ ድምፅ።

"ምነው? ምን ሆናለች?" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"አደራ ተብያለሁ" አለች ዘቢደር፤ ጀርባዋንም ጣውላው ላይ አስደግፋ የባፈናን ጥርስ ታዳምጥ ጀመር።